የቤቱ ሃያ

ሰኞ፣ አንደኛ ሳምንት

ይህን ደብተር ያደለችን የትምህርት ቤቱ አማካሪ ናት፤ ለአርባ አንዳችንም አንድ አንድ። «ስሜታችሁን ጻፉበት፣ ማንም አያየውም» አለች። እኔ የመድኃኒት መጠን ልጽፍበት አስቤ ነበር፤ ግን ቀዩ ደብተሬ ገና አልሞላም። ስለዚህ ይኸው ስሜቴ፦ እግሬን ያመኛል።

ዛሬ የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ልምምድ ተጀመረ። ስምንት ሳምንት፣ የወንዶች የውስጥ ደዌ ዋርድ፣ ሃያ ስምንት አልጋ። አራት ተማሪዎች ትሆናላችሁ ተብሎ ነበር፤ ሁለቱ በጠዋቱ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተወሰዱና እኔና ጭራሮ ቀረን። ጭራሮ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ ከቅጥነቷ የተነሳ፤ አልተቀየመችም። አሥራ አራት አሥራ አራት አልጋ ተካፈልን።

ረቡዕ፣ አንደኛ ሳምንት

ከሰዓት በኋላ «የጽናት ሰዓት» አለ። በየሳምንቱ ረቡዕ ነው፣ ግዴታ። አማካሪዋ አራት ቆጥራችሁ ተንፍሱ፣ አራት ያዙት፣ ስድስት ቆጥራችሁ አስወጡት አለችን። ከኋላ አንዱ እንቅልፍ ወስዶት አንኮራፋ። እሷም ሳቀች፤ «ይህ ገብቶታል» አለች።

ከዚያ ቅጽ ሞላን። ድካም፣ ከዜሮ እስከ አሥር። አሥር ማለት «ከዚህ በላይ አልችልም» ነው። አራተኛ ዓመቶቹ ቀድመው መክረውናል፦ ከአምስት በላይ የጻፈ ለብቻው ይጠራል፣ ለብቻው የተጠራ ደግሞ የሰው መነጋገሪያ ይሆናል። ሦስት ጻፍኩ። ጭራሮ ሰባት ጽፋ ነበር፤ የእኔን ሰረቅ አድርጋ አየችና ሰርዛ ሦስት አደረገችው።

ማክሰኞ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ። ለአንድ በሽተኛ አምስት ደቂቃ። አሥራ አራት ሰው ሲሆን ከአንድ ሰዓት በላይ። ከዚያ ቁስል ማጠብ፣ መድኃኒት ማደል፣ አልጋ መቀየር፣ የሐኪሞቹ ራውንድ። ቀኑ አይበቃም።

ከሁሉ የሚያዘገየው ትንፋሽ ነው። ለበሽተኛው እየቆጠርኩልህ ነው አይባልም፤ ካወቀ አተነፋፈሱን ይቀይራል። የልብ ምት የምትለኪ መስለሽ እጁን እንደያዝሽ ደረቱን አንድ ሙሉ ደቂቃ ማየት ነው። ትምህርት ቤት እንዲህ ተምረናል። ዋርዱ ውስጥ ግን ያለፈውን ሳምንት ቻርት ሳገላብጥ የትንፋሹ ረድፍ ከላይ እስከ ታች ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ ነው። የዋርዱን ኃላፊ፣ ሲስተርን፣ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«የቤቱ ሃያ ነዋ» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«እዚህ ቤት ሰው ሁሉ እኩል ይተነፍሳል ማለት ነው። የጨነቀው ሰው በዓይን ይታወቃል ልጄ፤ የቀረው ሃያ ነው። እጅሽን አፍጥኚ።»

ሳቅሁ። ዛሬ ሦስት ሰው ቆጠርኩ፤ የቀሩትን ሃያ አልኳቸው።

ዓርብ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ሲስተር በሰው ፊት «ይህቺ ልጅ ፈጣን እጅ አላት» አለችኝ። ጭራሮን ደግሞ «አንቺ እስከ እራት ልትቆጥሪ ነው?» አለቻት። ጭራሮ ሰዓቷን እያየች አሁንም ትቆጥራለች። ሃያውን ነገርኳት። «እጄ እምቢ አለኝ» አለች። ትንሽ ተናደድኩባት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ሦስተኛ ሳምንት

አጭር ነው፣ ቆሜ ነው የምጽፈው። ስልኬ ጠፍቶ ዋርዱ ተተራመሰ። የመድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ፣ ኢንሱሊኑ አጠገብ ተገኘ። ሁሉም ሳቁ። እኔም።

እሑድ፣ ሦስተኛ ሳምንት

እማዬ ደወለች። «ድምፅሽ ምነው?» አለች። ጉንፋን ነው አልኳት። «ያለፈውም ሳምንት ጉንፋን ነበር።» አላቆም አለኝ አልኳት። የታላቅ ወንድሜ ሚስት ወልዳለች፤ እማዬ ከደስታዋ ብዛት ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ በልቤ የሰኞን መድኃኒት እያሰላሁ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ወንድ ይሁን ሴት አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ። መልሼ ልደውል ብዬ ነገ አልኩ።

ረቡዕ ላይ ቅጹ መጥቶ ነበር። ሦስት።

ማክሰኞ፣ አራተኛ ሳምንት

አዲስ መመሪያ። አንዳችን ጠዋት፣ አንዳችን ከሰዓት። ሃያ ስምንቱም አልጋ ለአንድ ተማሪ። ነርሶቹ ሦስት ነበሩ፣ ሁለት ሆነዋል፤ አንዷ ወለደች ወይም ለቀቀች፣ ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ሲስተር ራሷ ጎን ያለውን ዋርድም ደርባ ይዛለች። በጣት የሚለካው የኦክስጅን መለኪያ አንድ ብቻ ነው፤ ባትሪው ካለቀ ሰነበተ።

ዓርብ፣ አራተኛ ሳምንት

አልጋ ሃያ ሁለት ላይ ያሉት አባባ ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ አርባ ዓመት። የገቡት እግራቸው ቆስሎ ነው፤ ስኳርም አለባቸው። ዛሬ ፋሻ ስቀይርላቸው ትከሻዬን በዓይናቸው ያዙት።

«ልጄ፣ ይህ ጋውን ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው አባባ።»

«ሲሰፋ ሌላ ሰው ነበርሽ ማለት ነው። የትከሻው ስፌት ክንድሽ ላይ ወርዷል። መርፌና ክር አምጪልኝ፣ እዚሁ እሰበስብልሻለሁ።»

«ይልቅ እግርዎን አያንቀሳቅሱ።»

«ሰው ሲለካ ሆዱን እንደሚሰበስብ ታውቂያለሽ? ሱሪው ሲደርስ አልገባ ይለዋል፣ ከዚያ ጥፋቱ የሰፊው ነው። እኔ ታዲያ እያጫወትኩት ነው የምለካው። ሳያውቅ።»

እኛም ትንፋሽ ስንቆጥር እንዲሁ ነው ልላቸው አፌ ደርሶ ተውኩት፤ አይነገርም። ፋሻውን ጨርሼ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባሁና ትንሽ ተቀመጥኩ። ዓይኔ ውስጥ ሳሙና ገብቶ ነበር።

ጋውኑ በማጠብ ብዛት ሰፍቶ ይሆናል።

ሐሙስ፣ አምስተኛ ሳምንት፣ ቀን ስምንት ሰዓት

ርክክብ ላይ ነኝ፣ ጭራሮ እስክትመጣ። ጠዋት ሁለት አዲስ ገቢ፣ አንድ ሞት። የስድስት ሰዓቱን ልኬት በሠላሳ አምስት ደቂቃ ጨረስኩ፣ ሃያ ስምንት ሰው። ማንም ያን ያህል አልሮጠም። አባባ ሰፊው ዛሬ ወሬ አላበዙም፤ አንድ ቀልድ ጀምረው መሀል ላይ እየቆራረጡ ተዉት። እፎይ አልኩ፣ ጊዜ የለኝም ነበር። ወደ መኝታ።

ሐሙስ፣ ማታ

አባባ ሰፊው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተዋል። የሳንባ ምች። ጭራሮ የከሰዓቱን ልኬት ከአልጋ አንድ ጀምራ፣ እያንዳንዱን እየቆጠረች፣ አልጋ ሃያ ሁለት ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ቁና ቁና እየተነፈሱ ነበር። አርባ ቆጠረች። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ያኔ ነው የጮኸችው።

ተረኛው ሐኪም ቻርቱን ገለጠና «ስድስት ሰዓት ላይ ሃያ ነበር። ስለዚህ የባሰው ከዚያ ወዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ ማን ነበረች?» አለ። ይህን የነገረችኝ ራሷ ጭራሮ ናት፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ከነጋውኗ ተቀምጣ።

ዓርብ፣ አምስተኛ ሳምንት

ጭራሮ ለጊዜው ከዋርድ ታግዳለች። ጉዳይዋ በኮሚቴ ይታያል፤ ከሚቀጥለው ሳምንት በኋላ ማክሰኞ። ጥፋተኛ ከተባለች ዓመቱን ትደግማለች።

እንቅልፍ አልወሰዳትም። «አምስት ጊዜ በአልጋው ጎን አልፌያለሁ» ትላለች። «አምስት ጊዜ። እንዴት አላየሁትም? ትንፋሹ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው።»

«ያንቺ ጥፋት አይደለም» አልኳት።

«አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር» አለችኝ።

ይህን ባትለኝ ይሻል ነበር።

እሑድ፣ አምስተኛ ሳምንት

ቆጥሬ ይሆናል። ሰው በአምስት ሰዓት ውስጥ ሊብስበት ይችላል፤ መጽሐፉ ላይ ፈልጌ ገጹን አገኘሁት፣ በእርሳስም አሠመርኩበት። ስድስት ሰዓት ላይ በእርግጥ ሃያ ቢሆኑስ? ሃያ የሚተነፍስ ሰው ሞልቷል። እኔ ራሴ አሁን ቆጠርኩ፣ ሃያ ሁለት ነኝ።

እማዬ ደውላ ነበር፤ አላነሳሁም።

ሰኞ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ጠዋትም ከሰዓትም እኔ ነኝ፣ ጭራሮ ስለሌለች። ዛሬ ሃያ ስምንቱንም ቆጠርኩ። ትንፋሽ አሥራ ስድስት፣ ሃያ አራት፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ ስድስት። ሲስተር ቻርቱን አይታ ወደ እኔ አየችና መልሳ ሰቀለችው። ምሳ አልበላሁም፤ አልራበኝም ነበር።

ረቡዕ፣ ስድስተኛ ሳምንት

የጽናት ሰዓት። አማካሪዋ ዛሬ አላስተነፈሰችንም። ጠረጴዛው ላይ የቅጽ ክምር አስቀመጠች።

«እስካሁን የሞላችሁትን ሁሉ ይዤ አስተዳደሩ ጋ ሄጄ ነበር» አለች። «ሃያ ስምንት አልጋ ለአንድ ተማሪ ይበዛል ልላቸው። አገላበጡት፣ አገላበጡትና ‹ልጆቹ እኮ ደህና ናቸው› አሉኝ። አርባ አንድ ሰው፣ አምስት ሳምንት፣ ሁሉም ሦስት። እዚህ ግቢ ውስጥ የደከመኝ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ጽናት አስተምሪ ተብዬ ነው የመጣሁት። የአተነፋፈሱ ነገር ይጠቅማል፣ አልዋሸኋችሁም። ግን ስለደከመው ሰው ለመሟገት የደከመ ሰው ያስፈልገኛል። በሦስት ማንንም መለመን አልችልም።»

እኔን አይታ የተናገረች መሰለኝ። አላየችኝም ይሆናል፤ ከፊት ስለተቀመጥኩ ነው። ቅጹ ሲታደል ጭራሮ ሳትደብቅ ዘጠኝ ጻፈች። እኔ ብዕሬ አልሠራ አለኝና ባዶውን መለስኩት።

ሐሙስ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ዛሬ ሲስተርን ቢሮዋ ገብቼ ነገርኳት። በሩን ዘጋሁ። «የአባባ ሰፊው የስድስት ሰዓቱ ሃያ… እኔ እንጃ፣ የቆጠርኩ አይመስለኝም» አልኩ። እንዲህ ነው የወጣልኝ፣ በግማሹ።

ጫማዋን አውልቃ ነበር፤ እግሯ አብጧል። 

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ለማንም አትንገሪ። አንቺ አልቆጠርኩም ካልሽ ቻርቱን ወደ ኋላ ይገልጡታል። ወደ ኋላ ከተገለጠ ማን ይተርፋል? ሃያን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ስመጣም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሁለት ዋርድ ሲጭኑብኝ ቻልሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

«ጭራሮስ ሲስተር?»

«ልጅ ናት። ዓመት ብትደግም አትሞትም። አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ሁለት ሳምንት ነው የቀረሽ። አርፈሽ ጨርሺ።»

ስወጣ ቀለል አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ቀለል አለኝ። እስከ ደረጃው ድረስ ብቻ።

ዓርብ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ጭራሮ ሻንጣዋን ግማሽ አዘጋጅታለች። ለአባቷ በስልክ ስትነግር ሰማሁ፤ «አባዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቀርፋፋ ነኝ» አለች። ገላ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፈትኩት።

ቅዳሜ፣ ስድስተኛ ሳምንት

አባባ ሰፊው ወደ ዋርዱ ተመለሱ። አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ፤ ግማሽ ሰው ሆነዋል። ድምፃቸው ቢደክምም ምላሳቸው ደህና ነው፤ «ሬሳ ሆኜ ብወጣ ኖሮ ከፈኑን ማን ያስተካክልልኝ ነበር» አሉ። ሙቀት ለካሁ፣ ግፊት ለካሁ። እጃቸውን ያዝኩና ደረታቸውን አየሁ። ሃያ ስምንት። እጃቸውን አልለቀቅሁም።

«አባባ፣ የዚያን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አልቆጠርኩም።»

«ምኑን?»

«ትንፋሽዎን።»

«ይቆጠራል እንዴ?»

ይቆጠራል አልኳቸው። ለምን እንደማይነገርም ነገርኳቸው። ስለ ሃያው ነገርኳቸው። ቆራርጠው ማውራታቸው እንዳላስጨነቀኝ፣ እንዲያውም እፎይ እንዳልኩ ነገርኳቸው። አይሆንም፣ አይደረግም፤ በሽተኛ ላይ የራስን ሸክም ማውረድ ነው። ግን አንዴ ጀምሬው አልቆም አለኝ።

የአፍንጫቸውን ቱቦ በጣታቸው አስተካከሉ።

«በዓይን ነዋ የቆረጥሽኝ» አሉ። «እኔም ወጣት ሆኜ አንድ ሁለት ጊዜ በዓይን ቆርጫለሁ፣ ሥራ ሲበዛብኝ። ጨርቅ ነበር፤ ሌላ ተገዛ።»

ይቅርታ አልኳቸው።

«ያቺ ቀጭኗ ልጅ ቅድም መጥታ ነበር፣ በገዛ ልብሷ። ይቅር በሉኝ ብላ አለቀሰች። ምን እንዳጠፋች ሳይገባኝ ይቅር አልኳት። አሁን ገባኝ። አንቺን ግን ዛሬ አላውቅም ልጄ። ደክሞኛል፣ ልተኛበት።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማስታገሻቸውን አስቀምጬ ወጣሁ። ሃያ ሦስተኛው አልጋ ይጠብቀኝ ነበር።

ሰኞ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ነገ። ኮሚቴው አራት ሰዓት ላይ ነው። አልተጠራሁም።

ጭራሮ የምትለብሰውን አስተኩሳ ሰቅላለች። ዛሬ ልነግራት ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ የሻወሩን ሰዓት ጠየቅኋት፣ አንዴ ሳሙና ለመንኳት፣ አንዴ ዝም ብዬ ዘጋሁት። ኮሚቴው ፊት መናገር ከእሷ ፊት ከመናገር ይቀልለኛል መሰለኝ። ፈሪ ነኝ። ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ገባሁ። በሩን አንኳኩቼ መልስ ሳልጠብቅ ነው የገባሁት፤ ብጠብቅ ኖሮ እመለስ ነበር። ሦስቱ አስተማሪዎች ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ሲስተር ከጎን፣ አማካሪዋ ጥግ ላይ። ጭራሮ ቆማ «ምናልባት ሳላስተውለው አልፌ ይሆናል» እያለች ነበር።

«አልጠራንሽም» አለ ሰብሳቢው።

«የስድስት ሰዓቱን ሃያ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «አልቆጠርኩም። በዚያ ሰዓት ታመው ነበር፤ ንግግራቸው ይቆራረጥ ነበር፣ ሰምቼ አልፌያለሁ። እሷ ናት የቆጠረችው። የዘገየችውም የሁሉንም ስለቆጠረች ነው።»

ሲስተር ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ለምንድን ነው ያልቆጠርሽው?» አለ ሰብሳቢው።

ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር። ስለ አልጋው ብዛት፣ ስለ ነርሶቹ፣ ስለ መለኪያው ባትሪ፣ ሁሉንም በወረቀት ይዤ ነበር። ወረቀቱን አወጣሁና ፊደሉ አልታይ አለኝ።

«ደክሞኝ ነበር» አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች አማካሪዋ። ሰብሳቢው ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ግን እኔን እያየች ነበር።

«ከሁለተኛው ሳምንት።»

ከዚያ ማልቀስ መጣብኝ፤ እንደ ትንሽ ልጅ፣ በአፍንጫም በዓይንም። አንዱ አስተማሪ ወንበር ገፋልኝ። ቁጭ ብዬ ስንት ደቂቃ እንዳለቀስኩ አላውቅም። ማንም ዝም በይ አላለኝም።

ውሳኔው ከሰዓት ተነገረ። ጭራሮ ነፃ ናት፤ ነገ ወደ ዋርድ ትመለሳለች። የእኔ ልምምድ ተቋርጧል፣ በሚቀጥለው ዓመት ከአንደኛው ሳምንት እጀምራለሁ። እስከዚያ በየሳምንቱ አማካሪዋ ጋ ለብቻዬ እቀርባለሁ። የዋርዱ ቻርት ሁሉ ይመረመራል ተባለ። ስለ አልጋው ብዛት «እናየዋለን» አሉ። ሲስተር ኮሪደሩ ላይ አልፋኝ ሄደች፤ ሰላም አላለችኝም፣ እኔም አላልኩም።

ለእማዬ ደወልኩ። ጉንፋን አይደለም አልኳት። የቀረውን ሳልነግራት «ነይ» አለች። የወንድሜ ልጅ ሴት ናት።

ረቡዕ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ጭራሮ ትናንት ማታ አላነጋገረችኝም። ዛሬ ጠዋት ጋውኗን ለብሳ፣ ሰዓቷን አስራ፣ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። የእሷ ሻንጣ ባዶ ሆኖ ቁም ሣጥኑ ላይ ወጥቷል፤ የእኔ መሀል ወለሉ ላይ ተከፍቷል። ፈረቃዋ ሊጀምር ሩብ ሰዓት ቀርቶታል።

«አሥራ ሁለት ቀን» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ለአባዬ ቀርፋፋ ነኝ ስለው ሰምተሽኛል።»

«ሰምቻለሁ።»

«የከፋኝ ስለ መጻፍሽ አይደለም። ሃያ መጻፉ ይገባኛል፤ እኔም ስንት ጊዜ ልጽፈው ነበር። ኮሚቴው ጋ መግባትሽንም አልረሳውም፤ ባትገቢ ዛሬ እኔ ነበርኩ ሻንጣ የምሸክፈው።» ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ አለች፤ ፊቷን አላየሁትም። «የዚያን ዕለት ትንፋሹ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኝ ሳለቅስ፣ ‹ያንቺ ጥፋት አይደለም› አልሽኝ። ሌላው ሁሉ ሲሸሸኝ እሷ ብቻ አመነችኝ ብዬ ነበር። ያቺን ቃል ይዤ ነው አሥራ ሁለቱን ቀን የኖርኩት። ለካ አምነሽኝ አይደለም። ታውቂው ነበር።»

ተነስታ ወጣች። በዚያ ቃል ውስጥ እምነትም ነበረበት ልላት ስል በሩ ተዘጋ።